ተኝቷል የተባለው እብጠት

ለእህቴ ልጅ፣ ለባለማይክሮስኮፗ፤

እንዴት ነሽ? ዓይንሽስ ደህና ነው? ቀኑን ሙሉ በመስታወት ስታጮልቅ የምትውል ልጅ ሌላ ምኗ ይጠየቃል። እኔ ከጉልበቴና ከጎረቤቶቼ በቀር የሚያመኝ የለም።

የምጽፍልሽ ስለ እናትሽ ነው። ሐኪሙ ጡቷ ውስጥ ያለው ካንሰር በቶሎ ይውጣ ካለ ወር አለፈው። እሷ ግን መንገዱ ጥግ የሚቀመጠውን ቅባት ሻጭ አምና ቁጭ ብላለች። ይህ ሰውዬ ባለፈው ዓመት የጫማ ቀለም ይሸጥ ነበር፤ ቆርቆሮውን እንኳ አልቀየረም። እብጠቱ ተኝቷል፣ የተኛ አውሬ አይቀሰቀስም፣ ቢላ ካልነካው አይነካሽም አላት። እሷም ጧትና ማታ እንደ ሙሽራ ጫማ ትወለውለዋለች።

ስለ ካንሰር የላክሽልኝን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መዝገበ ቃላት ይዤ ሦስት ሳምንት ታገልኩት። ሠላሳ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስለይ የኖርኩ ሰው ነኝና ነገሩ ገባኝ። ካንሰር የሚሉት ተኝቶ አያውቅም፤ የለየለት ፈሪ ነው። ራሱ ደፍሮ ከመውጣቱ በፊት ከሴሎቹ ጥቃቅን ከረጢቶች እያሸገ በደም ይልካል። አንዱ ሳንባ ዘንድ ሄዶ ለጌታዬ ቦታ አመቻቹ ይላል፤ ሌላው አጥንት ደጃፍ ይቆማል፤ ሌላው የሰውነትን ዘበኞች ያደነዝዛል። ቴምብር የለ፣ የላኪ ስም የለ። በእኔ ጊዜ ቢሆን አንዱም ከጠረጴዛዬ አያልፍም ነበር።

እሑድ እቤቷ ሄጄ ይህንኑ ለእናትሽ ነገርኳት። ቅባት ሻጩም ሁልጊዜ እኔ የምቀመጥበት ወንበር ላይ ተደላድሎ ነበር። ከረጢት የሚልክ እብጠት ሰምቶ እንደማያውቅ ተናገረ። እኔም ከጫማ ቀለም ሌላ ምን ሰምተህ ታውቃለህ አልኩት። እናትሽ እንግዳዬን አታዋርድ ብላ ተቆጣች። ቀጥላም፣

«አንተ ወንድ ነህ። የጡት ሕመም ምን እንደሆነ በምን ታውቃለህ?» አለችኝ።

 እኔም የሸሚዜን ቁልፎች ፈታሁ። ሰውዬውንም ቅባትህ ለዚህስ ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ቆርቆሮውን ሰብስቦ ወጣ፤ ክዳኑን ረስቷል።

እናትሽ በጣቷ ጫፍ ግራ ጡቴ የወጣበትን የቢላ ጠባሳ ከዳር እስከ ዳር ተከተለች። ከአራት ዓመት በፊት ጡረታ አስፈጽማለሁ ብዬ ሁለት ወር የጠፋሁበትን ጊዜ አስታወሰች። ከዚያ እስኪመሽ ሰደበችኝ። ስትጨርስ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠየቀች።

ማክሰኞ ሆስፒታል ትገባለች። አብሬያት እሄዳለሁ፤ ክፍሉን አውቀዋለሁ። መስኮቱ አጠገብ ያለው ሁለተኛው አልጋ ጥሩ ነው፣ እሱን እንዲሰጧት እለምናለሁ። አንቺም ነይ።

ሐይቅ ዳር ሸሚዝህን የማታወልቀው ሆድህን ልትደብቅ ነው እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ሳቅሽን አልመልስልሽም፤ ሆዱም እውነት ነው።

እጅሽ አይንቀጥቀጥ፣ ዓይንሽ አይድከም። የዚያን ፈሪ ተላላኪዎች አንድ በአንድ ለቅመሽ የምታሳፍሪ ያድርግሽ።

ነገረኛው አጎትሽ