ከግንዱ የተፈታው ገመድ

ይድረስ ለወንድሜ ለፍረይጅ፣ ባሕር ማዶ፣ ናፖሊ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ። ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? ሳሉስ ለቀቀህ? ብርዱንስ ለመድኸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እናታችን ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት፤ ፍየሎቹም ወልደዋል። ደህና ያልሆንሁት እኔ ነኝ። በስልክ «ወንድምህን ትንሽ ወለም ብሎት ነው» እንዳለችህ ሰምቻለሁ። በሰው አገር ልጄ አይጨነቅ ብላ ነው። እኔ ግን የምጽፍልህ እንድትጨነቅ ነው። በስልክ ያልነገርሁህ ስልኩ የእሷ ስለሆነና ጆሮዋ ከአጠገቡ ስለማይጠፋ ነው።

እንደምታውቀው ሙቀቱ ሲበርድ፣ ተራራውን የማስጎበኛቸው እንግዶች ከመምጣታቸው በፊት፣ የነሙርን ሸለቆ ከላይ እስከ ታች ብቻዬን ወርጄ አያለሁ። የዚያን ዕለት ጠዋት የአጎታችን ልጅ ሱለይም በሰው መካከል አገኘኝና «አንተ ሰውዬ፣ ብቻውን የሚሄድን ሰይጣን ያጅበዋል ሲባል አልሰማህም? ወይስ ሚስትህ አባራህ ነው?» አለኝ። «ሰይጣኑ ካንተ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ አፉን ይዘጋል» አልሁት። ከት ብሎ ሳቀና «እስከ መግሪብ ሶላት ካልተመለስህ በታች በኩል መጥቼ ሬሳህን እለቅማለሁ» አለ። ይህችን ቃሉን ያዝልኝ።

የላይኞቹን ገደሎች በራሴ አጭር ገመድ ወረድሁ። ገመዱን ድንጋይ ላይ ለሁለት አጥፌ እወርዳለሁ፣ ከታች ሆኜ ስቤ አወርደዋለሁ፤ በሳብሁት ቁጥር የመመለሻው መንገድ ከበላዬ ይዘጋል። ግድግዳው ሁለቱን ትከሻዬን እስኪነካ የሚጠብበት ቦታ ላይ ውኃው ደረቴ ደረሰ፤ ጣቶቼ ደነዘዙ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን አስዋሸኝ። እንግዳ የለ፣ ጥያቄ የለ፣ እኔና ድንጋዩ ብቻ።

የመጨረሻው ገደል ጋ ስደርስ የአባታችን ገመድ የለም። የበለሱ ግንድ ላይ ገመዱ ለዓመታት የበላው ጭረት ብቻ ቀርቷል። አባታችን ያንን ረጅም ገመድ ያሰረው ለአላፊ አግዳሚ ብሎ ነበር። በእኛ ተራራ ሰው ድንኳኑን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ሄዶ በዓመቱ ቢመለስ እዚያው ያገኘዋል፤ የተተወን ዕቃ ማንም አይነካም። እኔም ይህንኑ አምኜ ነው አጭር ገመድ ይዤ የወረድሁ። ጅል የሚለኝ ካለ ሕዝባችንን ሁሉ ጅል ይበል።

ከበለሱ ሥር፣ ነፋስም ዝናብም በማይደርስበት ደቃቅ አሸዋ ላይ፣ የባዶ እግር ዱካ ነበር። አራት ጣት። አምስተኛዋን ድንጋይ ሲወስድብህ ደሙን በሻሼ ያሰርሁልህ እኔ ነኝ ፍረይጅ። ዱካህን ለማንበብ ጎንበስ ማለት እንኳ አላስፈለገኝም። ባሕር ከመሻገርህ በፊት የአባታችንን ገመድ ፈትተህ፣ ከራስህ ገመድ ጋር ቀጥለህ፣ ወርደህ፣ ሁለቱንም ስበህ ሄደሃል። ስምህን እየጠራሁ ሰደብሁህ። ከዚያ በመዳፌ ዱካህን ደመሰስሁት። ብሞት የሚፈልጉኝ ሰዎች ያነቡታል ብዬ ነው። ሳይሞት ለገዳዩ የተጨነቀ እንዲህ ያለ ወንድም አለህ።

አጭሩን ገመድ ግንዱ ላይ አስሬ ወረድሁ። ገመዱ ሲያልቅ ከበታቼ የሁለት ሰው ቁመት ያህል ቀረ፤ ኩሬው ደርቆ ድንጋይና ጭቃ ሆኗል። እጄ እስኪዝል ተንጠለጠልሁ፣ ከዚያ ለቀቅሁ። የቅልጥሜን አጥንት በዓይኔ አየሁት። ቁራዎቹ ከእኔ በፊት ነገሩን አውቀው ኖሮ ድንጋዩ ላይ ተደርድረው ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ጀመር። ጠጠር ስወረውር ትንሽ ፈቀቅ ብለው ይጠብቃሉ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሱለይም በታች በኩል መጣ። እንዳለውም አደረገ፤ ለቀመኝ። በጀርባው ተሸክሞኝ ሲሄድ በስቃይ ስጮህ «ዝም በል አንተ ግመል! የተሸከምሁ እኔ፣ የምትጮኸው አንተ?» ይለኛል፤ እሱ ራሱ ግን ያለቅሳል። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ተራራን በዓይንህ ነው» አለኝ።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ያ ገመድ የሙት አደራ ስለሆነ ፈቺው ሳይታወቅ መቅረት የለበትም አሉ። አሸዋው ላይ ዱካ የለም፤ የደመሰሰ ሰው አለ አሉ። «ሬሳህን እለቅማለሁ» ያለውስ ማን ነው? ቀጥ ብሎ የወደቅሁበት ቦታ የመጣውስ? እንግዶቼን ቢወርስ የሚጠቀመውስ? ሁሉም ጣት ሱለይም ላይ ሆነ። እሱ አይደለም ብዬ ጮህሁ፤ «ውለታው ነው የሚያናግርህ» አሉኝ። ዱካው የፍረይጅ ነበር ብል ማስረጃዬን በገዛ መዳፌ አጥፍቻለሁ፤ ያዳነውን ሰው ለማትረፍ በሩቅ ያለ ወንድሙን ሸጠ ይሉኛል።

ስለዚህ የመጪው ወር፣ የረቢዕ አልአወል፣ ጨረቃ ስትወጣ ሱለይም በእሳት የጋለ ብረት ይልሳል። ምላሱ ካበጠ ሌባ ነው፤ ከነልጆቹ ከተራራው ይወጣል። «ንጹሕ ምላስ አይቃጠልም» ብሎ እሺ አለ። በፍርሃት የደረቀ ምላስ ግን ንጹሕም ሆኖ እንደሚቃጠል አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ።

ገመዱን ለምን እንደፈለግኸው ደግሞ እናታችን ሳታውቀው ነገረችኝ። ስትሄድ የሻንጣህ ቁልፍ ተሰብሮ ኖሮ በወፍራም ገመድ አስረኸዋል። ለመጣ እንግዳ ሁሉ «አስተሳሰሩ ቁርጥ አባቱን!» እያለች ታወራለች። ለሻንጣ፣ ፍረይጅ! ገበያ ሙሉ ገመድ እያለ! አንድ ቀን አንዱ፣ ገመዱ ምን ዓይነት ነበር ብሎ ይጠይቃታል፤ ያን ጊዜ በልጇ ላይ የምትመሰክረው እሷ ትሆናለች። ከዚያ በፊት ለሽማግሌዎቹ ደውል። «እኔ ነኝ» በል። ከዚህ በኋላ አገርህ መግባት ላትችል ትችላለህ፤ አውቃለሁ። እኔም ተራራ መውጣት አልችልም።

ባለቤቴ ናስራ ሰላም ብላሃለች፤ የማነክሰው በማን ምክንያት እንደሆነ ስለማታውቅ ሰላምታዋ ከልብ ነው። ልጄ ሪማ አጎቴ ቸኮላት ይላክልኝ ብላለች። እናታችን ይህን ወረቀት ሳመችው፤ ማንበብ ስለማትችል፣ ደህና ነኝ ብዬ የጻፍሁልህ መስሏታል። ሱለይምም ሰላም ብሎሃል። በጋለ የሻይ ማንኪያ እየተለማመደ ይስቃል። ለፍረይጅ ልጽፍ ነው ስለው እንዲህ አለኝ፦ «ሰላም በልልኝ። ምነው እሱ እዚህ በነበረ! ሌባ አለመሆኔን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመሰክርልኝ እሱ ነበር።»

ወንድምህ ሰባሕ
ከሲና ተራሮች፣ ሶፈር 9 ቀን 1440 ዓመተ ሂጅራ