ለጭምብል የተላጨ ፊት

ጠዋት ከሁሉም ቀድመው ይነሳሉ። ውኃ ያሞቃሉ፤ መስኮቱ አጠገብ ባለችው ትንሽ መስታወት ፊት ቆመው ጺማቸውን ይላጫሉ። ከዚያ የእጃቸውን ጀርባ ከጆሮ እስከ አገጭ እያሻሹ የቀረች ፀጉር ይፈልጋሉ። ሻይ የሚቀርበው ከዚህ በኋላ ነው።

ዛሬ የምንሸኛቸው ሰው ከጫማ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከጫማ መሥሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተወለዱ። የአባታቸው ጺም ደረት ይደርስ ስለነበር ሰፈሩ አባትየውን «ጺሞ» ይላቸው ነበር። እሳቸውም ከአባታቸው ለመውረስ የተመኙት ጺሙን ብቻ እንደሆነ እየሳቁ አጫውተውናል።

ከቴክኒክ ኮሌጅ በማሽን ንድፍ ተመርቀው በሃያ ሁለት ዓመታቸው ቦት ጫማና የዝናብ ልብስ በሚያመርት የጎማ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ብዙም ሳይቆይ ጦርነት ተነሳ፤ ፋብሪካው ለወታደሮች የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል እንዲሠራ ታዘዘ። ፊት ላይ የሚያርፈውን ጎማ መንደፍ የእሳቸው ድርሻ ሆነ። የማጣሪያው ከሰል የቱንም ያህል ቢያጣራ፣ ጎማው ጉንጭ ላይ ካልተጣበቀ መርዙ በጎን ይገባል። ስለዚህ አዲስ ቅርጽ በወጣ ቁጥር ራሳቸው አጥልቀው መስኮት ወደሌላት ክፍል ይገባሉ፤ በሩ ከውጭ ይቆለፋል፤ የሚያቃጥል ጭስ ይለቀቃል። ያልተላጨ ጺም ጭሱን ያስገባል።

ከዚህ ሥራ እንዲለቀቁ ደጋግመው አመለከቱ። ሥራ አስኪያጁ «ሂድ፤ ፊትህን ግን ትተህልን ሂድ» ብለው ቢሮውን አሳቁ። እሳቸውም አብረው ስቀው ወደ ክፍሏ ተመለሱ። ጦርነቱ አለቀ፤ ለሚቀጥለው ተዘጋጁ ተባለ።

በዚያው ዘመን ታሪክ ያጠኑ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። በቤታቸው የውስጥ በር ተዘግቶ አያውቅም። እንግዳ በረደኝ ሲል ባለቤታቸው ሹራብ ያቀብላሉ እንጂ በር አይዘጉም። ሴት ልጃቸው ጺም አሳድግ እያለች ስትጨቀጭቃቸው «ከፋብሪካው ስወጣ፣ እናቴ» ይሏት ነበር። በስድሳ ዓመታቸው ጡረታ በወጡ ማግስት መስታወቱን ደብቃ ጠበቀቻቸው። ያለ መስታወት ተላጩ።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሆስፒታል ሲገቡ የኦክስጅን ጭምብል ተደረገላቸው። መዳፋቸውን ጭምብሉ ላይ ጭነው ተነፈሱና ነርሷን «ልጄ፣ ይቺ በግራ በኩል ታስገባለች» አሏት። ነርሷ ስቃ ማሰሪያውን አጠበቀች። ውሎ ሲያድር እጃቸው ምላጭ መያዝ አቃተው፤ ጺማቸው አደገ፤ ጭምብሉም ከፊታቸው መላቀቅ ጀመረ። ሴት ልጃቸው ልትላጫቸው ስትል እጇን ያዙ። «ተዪው፣ እናቴ። ከፋብሪካው ወጥቻለሁ» አሉ።

በተወለዱ በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ እሑድ ንጋት ላይ፣ ከነጭ ጺማቸው ጋር አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በሩ በማይቆለፍ ቤት ያኑርልን።

ዛሬ ጠዋት ውኃ ያሞቀ የለም።