ማረፊያ ክፍል የተከፈተልን ዕለት

ልጄ ማርቆስ፣ እመቤቴ ማርያም በሄድክበት ሁሉ ትቅደምልህ፤ ክፉ አይንካህ። እኔ ደህና ነኝ። እህትህን ሃናን ኮሮናው ከእኔ እንዳይዛት ብዬ አስኮ አክስትህ ጋ ልኬያታለሁ። የግቢው በር አሁንም አልተሠራም።

ሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል አብሮኝ ይሠራ የነበረው ነርስ ደግፌ ባለፈው ሳምንት በዚሁ በሽታ አረፈ። እዚያው፣ እኛው እጅ ላይ ነው። አንሶላውን አልብሼው ወደሚቀጥለው በሽተኛ ሄድኩ። አላለቀስኩም። ቤት ገብቼም አላለቀስኩም፤ ምግቡም አይጣፍጠኝም።

ኃላፊያችን ሲስተር ወለተጻድቅ ለካ ስታየኝ ኖሯል። የዕቃ ክፍሉን አስጠርጋ ፍራሽ አስገባችና ሁላችንም በየተራ እንድናርፍ አዘዘች። እኔን በእጄ ይዛ አስገባችኝ።

«በሽተኞቹስ?» አልኳት።

«እኔ አለሁ። አንቺ ተኚ» ብላ ጎንበስ አለችና ጫማዬን ፈታችልኝ።

ተኛሁ። ስነሳ ትራሱ ርሷል። መቼ እንዳለቀስኩ አላውቅም።

አንተም ከብርዱ ተጠንቀቅ፤ እራትህን ሳትበላ አትተኛ። የልፋትህን ፍሬ ያሳይህ፣ በሰላም ያገናኘን። ስትደውል ስለ ሆስፒታሉ አትጠይቀኝ። ያንተን ነገር አውራኝ፤ ዝም ብልህም ስልኩን አትዝጋው።

እናትህ አልማዜ
ኮልፌ