ኮርቻው በአንተ ቁመት ነው

ለውድ ልጄ ለሆሴዕ፣ ሰላምታዬ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይድረስህ። እኛ እዚህ ሆሳዕና ከተማ ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

ሟቹ ወንድምህ አሞጽ እዚያው ሱቅ ሠርቶ የገዛልኝ የቤት ውስጥ ብስክሌት ሰባት ዓመት ሞላው፤ እስካሁን አልተበላሸም። ረቡዕ ጸሎት ስንጨርስ ሴቶቹ በተራ ይነዱታል። ጎረቤታችን ገነቴ ላብ በላብ ሆና፣ «ዶዮገና ደረስኩ፤ ድንች ልግዛላችሁ?» አለች። ለቡና ብቅ ያለችው ጎረቤታችን ሰዓዳ፣ «አንቺ ውረጂ፣ ተሳፋሪ ይጠብቃል» ብላ አሳቀችን። እኔ የምወድለት፣ የወጣበት ሁሉ ተመልሶ እዚሁ ሳሎን መውረዱን ነው።

ሦስት እሑድ ስልክህ አልነሳ ሲለኝ ኔትወርክ ነው ብዬ ይህን ደብዳቤ ወደዚያ በሚመጣው በከማል እጅ ላክሁ። ሱቁን ሳይመሽ ዝጋ፤ አሞጽ ቢመሽም ደንበኛ አይመልስም ነበር።

ኮርቻውን ዝቅ አላደረግኩትም። በእግሬ ጣት እየነካሁ እነዳለሁ።

ጌታ በመውጣትህ በመግባትህ ይጠብቅህ።

እናትህ ማራኪ