በገደል አፋፍ ላይ ስለ ተመረጠልን የኳስ ሜዳ

ለክቡር የመጫወቻ ሜዳ ቦታ መራጭ ኮሚቴ ሊቀ መንበር

ወገዳ፣ መጋቢት ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

ጉልበትዎ የጸና፣ ዓይንዎም ከካርታ አልፎ የሚያይ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ እኔ የወገዳ ወጣቶች ቡድን በረኛ ወልደ ሩፋኤል ካሴ ምስጋናችንን ላቀርብልዎ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ትክክለኛ ፍርድዎ። ሦስት ሰበካዎች ሜዳው ወደ እኛ ይሁን እያልን ስንሟገት፣ እርስዎ ሦስታችንንም በካርታ ላይ በነጥብ አመልክተው፣ በኮምፓስ ክብ አዙረው፣ ክቦቹ የተገናኙበትን ስፍራ መረጡልን። ስፍራው በእውነትም ከሁላችን እኩል ይርቃል፤ የአምባ ጫፍ ነውና። ተጠጋግተው የተሳሉት የገደል መስመሮች መንገድ መስለው ታይተዎት ከሆነ፣ ጥፋቱ የሠዓሊው ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ምረቃው። በጥምቀት ሰሞን እያለከለክን ወጥተን ከእስቴ ልጆች ጋር ገጠምን። እኔ የቆምሁበት በር ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቷል። ብዙም ሳንጫወት ኳሷ ጣቴን ነክታ በራሴ ላይ አልፋ ወደ ቆላ ወረደች። አጥቂያችን ፈንታ «ያለችን እሷው ብቻ ናት!» ብሎ ሲከተላት ድንጋይ ከዳው፤ የወይራ ቁጥቋጦ ባይዘው ኖሮ ይህ ደብዳቤ የቀልድ ለዛ ባልኖረው ነበር። ነጠላ ከነጠላ ቋጥረን ጎትተን አወጣነው። ዳኛው ሕግ አክባሪ ናቸውና የማዕዘን ምት ሰጡ። የፈንታ እናት ወይዘሮ ውባለም ግን የተሰበረ እግሩን አይተው «ልጄን ለጨዋታ ነው የወሰዳችሁት ወይስ ለዘመቻ?» አሉኝ።

ሦስተኛውን ቅሬታ ትቼዋለሁ። ወይዘሮ ካሣነሽ የተባሉ ባልቴት ወሬው ደርሷቸው «እስኪታረስ ድረስ ተጫወቱበት፤ እኔም ከደጄ ሆኜ አያችኋለሁ» ሲሉ ጦም ያደረ መሬታቸውን ሰጥተውናልና። መሬቱ ወደ አንዱ ሰበካ ያደላል፤ የቀሩት ሁለቱ እያጉረመረሙም ቢሆን በየእሑዱ ይመጣሉ። ፈንታም በምርኩዝ ቆሞ ከተጫዋቾቹ ሁሉ በላይ ይጮኻል።

ስለ ድካምዎ ሁሉ እጅ የሚነሳ፣ በምርጫዎ ዳገት መውጣትን የተማረ ትሑት አገልጋይዎ፣

ወልደ ሩፋኤል ካሴ

ማስታወሻ፦ ለጤና ጣቢያውም ቦታ እየመረጡልን መሆኑን በደስታ ሰማን። ታማሚው ነፍሱ ሳይወጣ የሚደርስበት ቢሆን መልካም ነው። ለማይደርሰው ግን አያስቡ፤ የደብራችን መካነ መቃብር ያለ ካርታ የተመረጠ ስለ ሆነ ለሁሉም ቅርብ ነው።