የአዴ ሙና አረንጓዴ ጨርቅ

ሰኞ፣ ሰኔ 2፤ ጠ. 3 ሰዓት
ዝናብ። መብራት አለ፣ ተመስገን። ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አራት ተማሪዎች ገቡ፤ ለምረቃ ቀሚስ። ልካቸውን ወሰድኩ። በሱቄ በር ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ሠራ፦ ለአዲስ ደንበኛ በሦስት ቀን፣ ጥልፉ በነፃ። ትንሽ ልኩራ እንጂ ደብተሬ።
የድሮ ደንበኛዬ አዴ ሙናም ብቅ ብለው ነበር። የልጅ ልጃቸው ኒካህ እሑድ 15 ነው። አረንጓዴ ጨርቃቸውን ለቀሚስ ከሰጡኝ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ መቀስ አልነካውም። ይደርሳል አልኳቸው። ኢንሻአላህ ብለው ሄዱ። ቤተኛ ናቸው፣ አይቀየሙም። ሱቁን ስከፍት የመጀመሪያውን ጨርቅ ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። የቀሚሱን አንገት አጣምሜባቸው እንኳ ለበሱት።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5
ተናድጃለሁ። ክርና ዚፕ የሚሸጥልኝ ባለሱቅ፣ ስምንት ዓመት ከሱ ሌላ አላውቅም። ዛሬ የቀረውን ጥቁር ዚፕ ጠቅላላ ከአጋሮ ለመጣች፣ አይቷት ለማያውቃት ልብስ ሰፊ ሰጣት። ወንበሩም ሻዩም ለሷ። እኔን ግን፣ አንቺማ የኛው ነሽ፣ ሰኞ ነይ አለኝ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይሄው ነው። ባጃጅ ውስጥ እስከ መንደራ ቆጪ ሰፈር ስነጫነጭ ሾፌሩ ሰለቸው።

ሰኞ፣ ሰኔ 9
ሌሎች ሁለት ተማሪዎች መጡ። አዴ ሙናም። ዝናብ ይዟቸው ደጃፌ ላይ ቆሙ። ጨርቃቸው ከታች ነው፤ ከላዩ ስድስት አዲስ ሥራ። ወረቀቱን ቀና ብለው አነበቡት። ሐሙስ ይምጡ አልኳቸው። ይግቡ እንኳን አላልኩም፤ አሁን ስጽፍ ነው ትዝ ያለኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12፤ ከቀኑ 8 ሰ.
ጨርቄን መልሺልኝ አሉ አዴ ሙና። በትሕትና። ነገ እጨርሳለሁ ብል፣ አይ ልጄ፣ አትጨነቂ አሉኝ። አጣጥፌ ሰጠኋቸው። ወዴት እንደሚወስዱት አልጠየቅኩም።
ስለ ባለሱቁ የጻፍኩትን ገልጬ አነበብኩ። አፈርኩ።

እሑድ፣ ሰኔ 15
ኒካሁ ላይ ነበርኩ፤ ጠርተውኛል። አረንጓዴውን ለብሰዋል። ባለፈው ወር ቦሳ ሰፈር አዲስ ስፌት ቤት የከፈተው ልጅ ነው የሰፋው። የሙያ ነገር፣ በዓይኔ ፈተሽኩት። አንገቱ ቀጥ ያለ ነው። ጥልፍም አለው፣ በነፃ።
አጠገባቸው አስቀመጡኝ፣ ብዪ ብዪ እያሉ። ይቅርታ ልል ስጀምር አቋረጡኝ።
«ተይው ልጄ። እዚያ እኔም አዲስ ነኝ፤ በሁለት ቀን ጨረሰልኝ።»
ቂም የለባቸውም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ሰኔ 16፤ ጠ. 2 ሰ.
ወረቀቱን ገነጠልኩ። ከዛሬ ጀምሮ ቀድሞ የመጣ ጨርቅ ቀድሞ ይቆረጣል፤ የማንም ይሁን የማን።
አዴ ሙና ያን የመጀመሪያውን ቀሚስ እስከ ዛሬ ይለብሱታል፣ ገበያ ሲሄዱ አያለሁ። አንገቱን ፈትቼ ላስተካክልላቸው ነው። ይስጡኝ አይስጡኝ አላውቅም። መርፌና ክር ይዣለሁ፣ ቤታቸው ቁጭ ብዬ እሰፋዋለሁ። ዝናቡ እስኪያባራ አልጠብቅም።