አረንጓዴዋ ቁልፍ እና አራተኛው ቅጂ

ለተከበሩ የአውቶቡስ ስምሪት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በአንዲት ቁልፍ መቅናቴን በታላቅ አክብሮት ስለማሳወቅ

የተከበሩ ኃላፊዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደ ማህተምዎ የጠና፣ ወገብዎም እንደ አዲሱ ወንበርዎ የተደላደለ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ደግሞ፣ እድሜ ለእርስዎ፣ ከትናንት ወዲያ በፈረሙልኝ የዝውውር ደብዳቤ መሠረት ከመጪው ሰኞ ጀምሮ በጎማ መጋዘን ውስጥ፣ ከአሮጌዎቹ ጎማዎች በስተጀርባ ይፈልገኝ።

ደብዳቤዎ የዝውውሬን ምክንያት «ሥራው በማክሮ ስለተተካ» ሲል አምስት ቃል እንኳ በማይሞላ ሐረግ ገልጾታል። ይህ የእኔ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፍ ስለሆነ፣ ቆመው ለሚያነቡት አሽከርካሪ ወንድሞቼ ባጭሩ ላስረዳ፤ ማክሮ ማለት ኮምፒውተር አንድ ጊዜ ያየውን የእጅ ሥራ ቀድቶ ይዞ፣ በተጫኑት ቁጥር የሚደግምበት ዘዴ ነው። እኔ አራት ዓመት ሙሉ በየማለዳው የሰባቱን መስመሮች ሰንጠረዥ በኤክሴል ሞልቼ፣ ለእያንዳንዱ ፋይል መስመሩንና ቀኑን የያዘ ስም አውጥቼ፣ ሴቭ አድርጌ፣ በሦስት በሦስት ቅጂ አትሜ ሳወጣ አርባ ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር። አሁን መሙላቱ ብቻ ለእኔ ቀርቶ፣ ስም ማውጣቱን፣ ሴቩንና ህትመቱን ማክሮውን የምታስነሳው አረንጓዴዋ ቁልፍ በሁለት ደቂቃ ትጨርሰዋለች። ሰኞ ደግሞ መሙላቱም ከእጄ ይወጣል።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ በቁጥር ያልቀረበ ነገር እንደማያነቡ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሙገሳው። ቁልፏ የተመረቀች ዕለት ሁላችንንም ሰብስበው፣ በጠቋሚ ጣትዎ እንደ ሪባን ቆራጭ በጥንቃቄ ተጭነዋት፣ ወረቀቱ መውጣት ሲጀምር ቁልፏን የሠራትን የባለ ሰርተፊኬቱን ባልደረባችንን ትከሻ መታ መታ አድርገው «አንተ ልጅ፣ ክፍላችንን ከእንቅልፉ ቀሰቀስከው እኮ!» ብለውታል። ምስጋናው ይገባዋል፤ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ ሰርተፊኬቱን በመስታወት አሳምሮ የሰቀለ ሰው ነው፣ እኔ ግን ከዘጠነኛ ክፍል በመስኮት የወጣሁ ነኝ። ሆኖም በአራት ዓመት ውስጥ ከእርስዎ አፍ ለእኔ የወጣውን ሙገሳ ባስታውስ፣ «ወረቀት አታባክን» የሚል ብቻ ሆኖ አገኘሁት። እርሱንም ቢሆን «አንተ ልጅ» ሳይሉኝ ነው። በዚያች «አንተ ልጅ» እንዴት እንደቀናሁ መግለጽ ባውቅበት ኖሮ እጽፈው ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ፕሪንተሩ። ይህ ከሃዲ ማሽን ለእኔ ጎኑን በጥፊ ካልመታሁት፣ ቀጥሎም ካላባበልኩት አንድ ገጽ የማይተፋ ነበር። ለቁልፏ ግን ያለ አንዳች ማንገራገር ሃያ ስምንት ገጽ እንደ ሙሽራ ሚዜ እየሮጠ አቀረበላት። አሽከርካሪዎቹ «ቀለሜ» እያሉ የሚጠሩኝ በትምህርቴ ሳይሆን ከጣቶቼ በማይለቀው የዚሁ ማሽን ቀለም ምክንያት መሆኑን እያወቀ ነው ይህን ያደረገው።

ሦስተኛ፣ ስለ ወንበሬ። ከፕሪንተሩ አጠገብ ያለችው፣ አንድ እግሯ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈችው ወንበሬ፣ እኔ ገና ሳልነሳባት የባለ ሰርተፊኬቱ ቦርሳ ማስቀመጫ እንድትሆን ተወስኗል። ቦርሳው ምቾት እንዲሰማው ካርቶኑን እንዳያነሱበት አደራ እላለሁ።

አራተኛውን ቁጥር ለአራተኛው ቅጂ ስል በይደር አቆይቼዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ቅናት ምን እንዳሠራኝ መናዘዝ አለብኝ።

ባለፈው ሰኞ ሁላችሁም ለምሳ ስትወጡ እኔ ቀረሁ። ፍላጎቴ አንድ ነበር፤ ከዚያች ቁልፍ ላይ አንድ እንከን፣ ቢያንስ አንድ ጠማማ ነገር አግኝቼ ከሰዓት በኋላ ሻይ ላይ መሳቅ። የዚህ ወር ፋይሎች የሚቀመጡበትን ፎልደር ከፈትኩ። ቁልፏ በወሩ መጀመሪያ ሥራ ከጀመረች ሃያ አንድ ቀን ስለሆናት፣ በቀን ሰባት ፋይል ሲታሰብ አንድ መቶ አርባ ሰባት ፋይል መኖር ነበረበት። ያገኘሁት ሰባት ነው። በድጋሚ ቆጠርኩ፤ ሰባት ነው። ሰባቱም የሚጠሩት ከሦስት ሳምንት በፊት ባለፈች በአንዲት ማክሰኞ ስም ነው።

አልዋሽዎትም፣ ደስ አለኝ። እንዲያውም ብቻዬን አጨበጨብኩ። ቁልፏ በየማለዳው አዲሱን ሰንጠረዥ በዚያችው ማክሰኞ ስም ሴቭ ስታደርግ፣ የትናንቱን እየደመሰሰች በላዩ ላይ ትጽፍ ኖሯል። ኮምፒውተሩ በዚህ ስም ፋይል አለ፣ ልደምስሰው ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም ነበር፤ ነገር ግን ባለ ሰርተፊኬቱ «ይሄ ጥያቄ አሰልቺ ነው» ብሎ ገና በመጀመሪያው ቀን አፉን አዘግቶታል። ከፕሪንተሩ የሚወጣው ወረቀት ትክክለኛ ስለነበረ ፎልደሩን ከፍቶ ያየ ማንም የለም።

ደስታዬ ግን አልቆየም፤ የፋይሎቹን ስም በደንብ ሳነበው ፈገግታዬ ከፊቴ ላይ ረገፈ። «መስመር ሦስት ማክሰኞ ቀን አንድ በቃ» ይላል። «መስመር አምስት ማክሰኞ ቀን አንድ በቃ» ይላል። የተከበሩ ኃላፊዬ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ የፋይል ስም ጨርሶ መጨረሻው ላይ «በቃ» ብሎ የሚጽፍ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በመጪው ሰኞ ወደ ጎማ መጋዘን ይሄዳል።

ያን ጊዜ ማክሰኞዋ ትዝ አለችኝ። ባለ ሰርተፊኬቱ ሻይ ይዞልኝ መጥቶ «ወንድሜ፣ እስቲ ዛሬ ቀስ እያልክ ሥራልኝ፣ ልማር ብዬ ነው» አለኝ። እኔ ሞኙ፣ ሰው ከእኔ ሊማር ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ፣ እያንዳንዷን ነገር እያሳየሁ ሠራሁለት፤ ሻዩንም ጠጣሁለት። ለካ ማክሮ መቅጃውን ቀድሞ ከፍቶት ኖሯል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ የቀናሁባት ቁልፍ የገዛ እጄ ነበረች። እርስዎም እጄን ለራስዎ አስቀርተው የቀረውን አካሌን ወደ መጋዘን አዛወሩት። ስለ ቁጠባዎ ላመሰግንዎት ይገባል።

አሁን ወደ አራተኛው እንመለስ። ቁልፏ ከሦስቱ ቅጂዎች ሌላ፣ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ አራተኛ ቅጂ እንደምታትም አይተዋል። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት ባለ ሰርተፊኬቱ ዓይኑን ሳያሽ «የደህንነት ቅጂ ነው ጌታዬ» ብሎ መልሶልዎት፣ እርስዎም በአድናቆት ራስዎን ነቅንቀዋል። የደህንነት ቅጂ አይደለም። የበር ጥበቃችን አባባ ዓይናቸው ስለደከመ፣ የሚወጣውን አውቶቡስ ከወረቀቱ ጋር ለማመሳከር ይቸገሩ ነበር፤ እኔም አራት ዓመት ሙሉ ከእርስዎ ተደብቄ ፊደሉን አተልቄ አንድ አንድ ቅጂ አትምላቸው ነበር። «ወረቀት አታባክን» ያሉኝ ወረቀት ይህ ነው። በዚያች ማክሰኞም ያንኑ አደረግኩ፣ ቁልፏም እኔን አይታ ያንኑ ታደርጋለች፤ በማኅደሯ ውስጥ ያለው ደግነት ከማን እንደመጣ ግን አታውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ የዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪዎች መጥተው የወሩን የስምሪት ሰንጠረዥ በሙሉ እንደሚጠይቁዎት ሰምቻለሁ። እርስዎ ዘንድ ያሉት ሰባት ፋይሎች ናቸው። የእርስዎን ቅጂ በየቀኑ ለሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሲያደርጉት፣ የሰሌዳውም በማግስቱ ሲቀደድ አይቻለሁና እነዚያን አይቁጠሯቸው። ሦስተኛውን የሚወስደው የእኛው ተረኛ የመስመር ተቆጣጣሪ በእርሱ ቅጂ ምን እንደሚጠቀልል አሽከርካሪዎቹ ያውቃሉ። አባባ ግን የተጻፈበት ወረቀት አይጥሉም። ሃያ አንዱም ቀን በሲባጎ ታስሮ፣ ከመቀመጫቸው ሥር ባለው የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ትናንት ጠይቄያቸው «ልጄ፣ ለእኔ ብለህ ያተምከውን ለአንተ እንጂ ለማን እሰጣለሁ? ያ ባለ ቦርሳው እንኳን ሊያትምልኝ፣ ሲገባ ደህና አደሩም አይለኝ» ብለውኛል።

ሣጥኑ ከባድ ነው። ከበሩ እስከ ፕሪንተሩ አጠገብ እስካለችው ወንበሬ ድረስ ግን በአንድ ትንፋሽ አደርሰዋለሁ። ጎማ መጋዘን ውስጥ ለሚቀመጥ ሰው መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሐሙስ ማለዳም እጆቼ በጎማ ተይዘው ሊሆን ስለሚችል ከወዲሁ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የዝውውር ደብዳቤውን ለመሻር ማህተምዎን አንዴ ማንሳት ይበቃል፤ «አንተ ልጅ» የምትለዋን ግን በሁሉም ፊት፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ እንዲሆን በትህትና አሳስባለሁ።

ከፍ ካለ አክብሮት፣ ካልለቀቀ ቀለምና ካልበረደ ቅናት ጋር፣
የአረንጓዴዋ ቁልፍ ቀኝ እጅ
ቀለሜ

ግልባጭ፦
ለአሽከርካሪዎች ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለበር ጥበቃ አባባ (በትልልቅ ፊደል)

ማሳሰቢያ፦ በዚያች ማክሰኞ ቀስ እያልኩ ስሠራ፣ አሽከርካሪዎቹ እርስዎን የሚጠሩበትን «ጋሽ ማህተሜ» የሚል ስም እንደ ልማዴ በሰንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ ላይ ጽፌ፣ ስቄ፣ ከህትመቱ በፊት አጥፍቼው ነበር። ቁልፏም ሃያ አንድ ቀን ሙሉ በእርስዎ ጣት ትእዛዝ ስምዎን ስትጽፍና ስታጠፋ ኖራለች፤ መሳቁን ብቻ ነው ያልቀዳችው። የሚያሳስበኝ ባለ ሰርተፊኬቱ ትናንት «አላስፈላጊ መስመሮችን ላጽዳ» ብሎ ማክሮዋ ላይ ተቀምጦ ማምሸቱ ነው፤ የምትጽፈዋን መስመር ያጽዳ ወይም የምታጠፋዋን፣ ነገ ጠዋት ቁልፏን ሲጫኑ አባባ ከበሩ ላይ ጮክ ብለው ያነቡልዎታል።